ስለ ሕግ ተመራቂዎችና ከምረቃ በኋላ ስለሚማሩት ትምህርት

ልጃቸውን ሕግ አስተምረው ያስመረቁ ወላጆች ዘወትር የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም፣ «ትምህርቱን ከጨረሰ፣ ማዕርጉንም ከተቀበለ፣ ስለ ምን በማግሥቱ ጠበቃ ወይም ዳኛ አይሆንም? ስለ ምንስ እንደ ገና ሁለት ዓመት በሰው ደጅ ይጠናል?» የሚል ነው። ጥያቄው የሚነቀፍ አይደለም፤ ከቤቱ ቀንሶ ልጁን ያስተማረ ሰው ፍሬውን ቶሎ ለማየት ቢመኝ የተገባ ነው። ነገር ግን በፍርድ ቤት ጽሕፈት ሥራ ላይ ብዙ ዘመን የቆየን ሰዎች ከመዝገብ ቤቱ መስኮት በስተ ውስጥ ሆነን የምናየው ነገር ስላለ፣ በዛሬው ዐምዳችን ይህን ጥያቄ እንደሚቻለን እንመልሳለን።

ነገሩ ይልቁን የሚከብደው ዕድሜያቸው ከፍ ካለ በኋላ ወደ ሕግ ለሚመጡት ነው። አስቀድሞ ሒሳብ ወይም ምሕንድስና ወይም ቋንቋ ተምሮ የተመረቀ፣ ሥራ የያዘ፣ ትዳርም የመሠረተ ሰው ማታ ማታ ሕግ ሲማር ማየት ዛሬ እንግዳ ነገር አይደለም። እንዲህ ያለው ሰው በፊተኛው ሥራው ሌሎችን የሚያዝ ሆኖ ሳለ፣ በሕግ ሥራ ግን ወርዶ የሌላ ጠበቃ መዝገብ ተሸካሚ መሆን ያሳፍረዋል። ሚስቱም፣ «ይህን ሁሉ ሌሊት የተማርከው ለዚህ ነውን?» ብትለው የሚመልሰው ያጣል።

በጥንቱ ዘመን በአገራችን ሕግ የሚማርባቸው ስፍራዎች ሁለት ነበሩ፤ ሁለቱም የተራራቁ ነበሩ። አንደኛው የቤተ ክህነት ጉባኤ ነው። በዚያ ፍትሐ ነገሥት ከሊቃውንት መጻሕፍት ጋራ ከንባቡ እስከ ትርጓሜው ይነገራል። መጽሐፉም በ13ኛው መቶ ዓመት በግብጽ አገር ኢብን አል አሳል በተባለው ሊቅ በዐረብኛ የተሰናዳ፣ በኋላም ወደ ግእዝ የተመለሰ ነው። ሁለተኛው ተማሪ ቤት ግን ጣሪያም መጽሐፍም የሌለው ነው፤ እርሱም ችሎት ነው። ጕልማሳው በአባቱ ወይም በጌታው ኋላ ቆሞ፣ ከሳሽና ተከሳሽ በበላ ልበልሃ ሲሟገቱ፣ ዋስ ሲጠሩ፣ ውርርድ ሲገቡ፣ ምስክር ሲያቆሙ ይሰማል፤ እየሰማም ነገር ዐዋቂ ይሆናል። መጽሐፉን የሚያውቀው ሊቅ የሙግቱን መንገድ፣ የሙግቱን መንገድ የሚያውቀው ነገረ ፈጅም መጽሐፉን ብዙ ጊዜ አያውቅም ነበር። በንጉሡ ችሎት ሊቃውንቱ በአጠገብ ተቀምጠው አንቀጹን ከመጽሐፍ የሚጠቅሱት አንደኛው የሌላውን ጕድለት እንዲሞላ ነው። የዛሬው ተመራቂ ግን ሁለቱንም በአንድ ራሱ መያዝ ይገባዋል፤ የምረቃው ወረቀት የሚመሰክርለትም ለአንደኛው ብቻ ነው።

ከ1949 ዓ.ም. ጀምሮ በ10 ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ስድስት ታላላቅ የሕግ መጻሕፍት ወጡ። የወንጀለኛ መቅጫው በ1949፣ የፍትሐ ብሔሩ፣ የንግዱና የባሕሩ በ1952፣ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓቱ በ1954፣ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓቱም በ1958 ዓ.ም. ነው። ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የፍትሐ ብሔሩ ሕግ ብቻውን 3367 አንቀጾች አሉት። ከእነዚህም የወንጀሉ ሕግ በ1996፣ የንግዱ በ2013 ዓ.ም. በአዲስ ሕግ ተተክተዋል፤ የጋብቻና የቤተ ሰብ ነገርም በፌዴራሉ ዘንድ ከ1992 ዓ.ም. ወዲህ የራሱ ሕግ አለው። እንዲህ የበዛውን ነገር በጆሮ ብቻ መማር ስለማይቻል በ1956 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ተከፈተ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ማዕርጋቸውን ከመቀበላቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወጥተው እንዲያገለግሉ ተደረገ። በእኛ አስተያየት ይህ የአንድ ዓመት አገልግሎት ከመጻሕፍት ቤቱ የማያንስ ትምህርት ነበረ፤ የከተማ ልጅ የባላገሩን አነጋገር የሚሰማበት ሌላ መንገድ አልነበረውምና።

ዛሬም የሕግ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን ለልምምድ ወደ ፍርድ ቤትና ወደ ዐቃቤ ሕግ ይልካሉ፤ ለድኆች በነጻ ምክር የሚሰጥበትንም ክፍል ያሰናዳሉ። የመውጫ ፈተናም ቢሆን በ2015 ዓ.ም. ለሌሎቹ ትምህርቶች ከመታዘዙ አስቀድሞ የሕግ ተማሪ ይፈተን ነበር። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ሆኖም ለልምምድ የመጣው ተማሪ ብዙ ጊዜ በችሎቱ የኋላ ወንበር ላይ ጥቂት ሳምንት ተቀምጦ፣ ቅጹን አስፈርሞ ይሄዳል። ዳኛውም ሥራ ስለሚበዛበት ፈርሞ ይሰጠዋል። እንዲህ ያለውን ልምምድ አየን እንጂ ሠራን ማለት አይገባም።

ልዩነቱ በምን እንደሚታወቅ ለማስረዳት አንድ ምሳሌ እናቅርብ። በአንድ የዱቄት ፋብሪካ 11 ዓመት በዘበኝነት ያገለገሉ አንድ አባት ጥቅምት 5 ቀን «ከዛሬ ጀምሮ አይምጡ» ተብለው ተሰናበቱ እንበል። እርሳቸውም የአገር ልማድ ነውና ክስ ከመመሥረት ይልቅ ሽማግሌ ላኩ። አሠሪውም «እናስብበታለን» እያለ ገና አለፈ፣ ጥምቀትም አለፈ። ሰውዬው ነጻ የሕግ ምክር ወደሚሰጥበት ክፍል የመጡት የካቲት 20 ቀን ነው። ተቀምጠው መናገር ሲጀምሩ፣ ነገሩን የሚጀምሩት ከተሰናበቱበት ቀን አይደለም፤ ወደ ሥራው ከገቡበት ቀን ነው። በክረምት ሌሊት ሌባ እንዴት እንደ ያዙ፣ የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ እንዴት ያከብራቸው እንደ ነበረ፣ አዲሱ ደግሞ ሰላምታ እንኳ እንደ ነሣቸው በዝርዝር ይናገራሉ።

አዲሱ ተመራቂ ይህን ሲሰማ ልቡ ይነካል፤ ልቡ መነካቱም ደግ ነው። ከዚያም በትምህርት ቤት እንደ ለመደው ስለ ሕገ ወጥ ስንብት የተጻፈውን አንቀጽ ይፈልጋል፤ ያገኘዋልም። ሦስት ገጽ ጽፎ በመጨረሻው «ወደ ሥራዬ እንድመለስ ይወሰንልኝ» የሚል አቤቱታ ያሰናዳል። ጽሑፉ ያማረ ነው፤ መምህሩ ቢያየው ከፍ ያለ ነጥብ ይሰጠዋል። እኚያ አባት ግን በዚህ ባማረ ወረቀት መብታቸው ይጠፋል።

ብዙ መዝገብ ያገላበጠ ጠበቃ እንዲህ አያደርግም። ታሪኩን በትዕግሥት ካዳመጠ በኋላ፣ «አባቴ፣ ያሰናበቱዎ በስንት ቀን ነው? በወረቀት ነው ወይስ በቃል? ከዚያ ወዲህስ የጻፉልዎ ነገር አለ?» ብሎ ይጠይቃል። በ2011 ዓ.ም. በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ከስንብት የሚመጣ የክፍያ ጥያቄ ግን 6 ወር አለው። ከጥቅምት 5 እስከ የካቲት 20 ቀን 4 ወር ከ15 ቀን ነው። ስለዚህ ወደ ሥራ የመመለሱ በር ተዘግቷል፤ የክፍያው በር ግን ገና እስከ ሚያዝያ 5 ቀን ክፍት ነው። የተመራቂው አቤቱታ የጠየቀው የተዘጋውን በር ብቻ ነው። በፍትሐ ብሔሩ ሕግ ዳኛ ይርጋን በራሱ አነሣሽነት አያነሣም፤ ነገር ግን ጠበቃ የቆመለት ተከሳሽ ይህን ሳያነሣ ይቀራል ብሎ ተስፋ ማድረግ አይገባም። መጥሪያ ደርሶ፣ መልስ ቀርቦ፣ ቀጠሮ ተሰጥቶ፣ መቃወሚያው ተሰምቶ መዝገቡ እስኪዘጋ ድረስ ሚያዝያ 5 ቀን ያልፋል። ከዚያ በኋላ ሁለተኛውም በር ይዘጋል።

የሽማግሌውስ ነገር? ብዙ ሰው ሽማግሌ ከላከ ዘመኑ የሚቆምለት ይመስለዋል፤ አይቆምለትም። በአዋጁ ይርጋውን ከሚያቋርጡት ነገሮች አንዱ አሠሪው የሠራተኛውን መብት በጽሑፍ ማመኑ ነው፤ «እናስብበታለን» የሚል የቃል ተስፋ ግን አያቋርጠውም። ስለዚህ ልምድ ያለው ጠበቃ ሽማግሌ የላከን ሰው ሲያገኝ፣ «ከሽማግሌዎቹ ጋራ ምን ተጻፈ?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ፣ «ሽማግሌ መላክ አይገባም ነበር» ብሎ አይገሥጽም። እርቅን የሚያከብር ሕዝብ በእርቁ ምክንያት መብቱ እንዳይጠፋበት የሚጠብቀው ይህ ጥያቄ ነው። ጥያቄው በየትኛውም አንቀጽ አልተጻፈም፤ የሚገኘው ብዙ ባለ ጉዳይ ከማዳመጥ ነው።

ከዚህ የሚያንሱ የሚመስሉ፣ ነገር ግን በመዝገብ ቤቱ መስኮት በየቀኑ ሰው የሚያስለቅሱ ሌሎች ነገሮችም አሉ። አቤቱታው ያልተፈረመ ወይም እውነት ስለ መሆኑ ያልተረጋገጠ ይሆናል፤ የማስረጃው ዝርዝር ይጐድላል፤ ግልባጩ ለተከሳሾች ቍጥር አይበቃም፤ የተጠየቀው ገንዘብ መጠን ሳይገለጥ የዳኝነት ክፍያው ሊታወቅ አይችልም። ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረው የተከሳሹ አድራሻ ነው። «ከድልድዩ አለፍ ብሎ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ» የሚል አድራሻ በአገራችን ሰው ዘንድ የተረዳ ነው፤ መጥሪያ ይዞ ለሚሄደው መልእክተኛ ግን አይበቃም። ከሩቅ አገር የመጣ ባለ ጉዳይ መጥሪያው ሳይደርስ ተመልሶ ሌላ ቀጠሮ ሲሰጥ፣ የአንድ ወር ስንቁን ጨርሶ እንደ ገና ይመጣል። አዲሱ ተመራቂ አንድ ሳምንት ከመዝገብ ቤት ሠራተኞች ጋራ ተቀምጦ ወረቀት ቢቀበል፣ ይህን ሁሉ ያለ መምህር ይማረዋል። በፍርድ ቤት ደጃፍ በዣንጥላ ጥላ ሥር ተቀምጠው ማመልከቻ የሚጽፉትን ራፖር ጸሐፊዎችም አይናቃቸው። ብዙዎቹ ሕግ አልተማሩም፤ ነገር ግን ባለ ጉዳይ የሚናገረውን ረጅም ነገር በግማሽ ገጽ ማሳጠርን ከእነርሱ የሚበልጥ ጥቂት ነው።

ፍርድ ማግኘትና ገንዘብ ማግኘትም አንድ እንዳልሆኑ ተመራቂው የሚያውቀው የአፈጻጸም መዝገብ ሲከፍት ነው። ይግባኝ 60 ቀን እንዳለው ያውቃል፤ የፍርዱን ግልባጭ ለማግኘት ስንት ቀን እንደሚሄድ ግን መጽሐፉ አልነገረውም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰበር ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጓሜ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ የበታች ፍርድ ቤቶችን የሚያስገድድ ስለ ሆነ፣ ቅጾቹን ማንበብ ልማዱ ይሁን። አንቀጹን አንብቦ የሰበሩን ትርጓሜ ያላነበበ ሰው በክርክር ላይ ባልጠበቀው ነገር ይያዛል።

በሌላውም አገር ልማዱ ይኸው ነው። በጀርመን አገር የሕግ ተማሪ የመጀመሪያውን ፈተና ካለፈ በኋላ ሁለት ዓመት በፍርድ ቤት፣ በዐቃቤ ሕግ፣ በአስተዳደር መሥሪያ ቤትና በጠበቃ ዘንድ እየተዘዋወረ ሠርቶ ለሁለተኛው ፈተና ይቀርባል። በእንግሊዝ አገር በሌላ ትምህርት የተመረቀ ሰው ወደ ሕግ መሻገር ይፈቀድለታል፤ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ከ2021 ዓ.ም. ወዲህ በቆመው ሥርዓት ሶሊሲተር ለመሆን የሚሻ ከፈተናው በተጨማሪ የ2 ዓመት የሥራ ልምድ ያስፈልገዋል። ልምዱን እስከ 4 በሚደርሱ ስፍራዎች ሊያከማቸው ይችላል፤ ለድኆች በነጻ ምክር በሚሰጥበት ክፍል የሠራውም ይቈጠርለታል። በችሎት ለሚከራከሩት ባሪስተሮች ደግሞ በሎንዶን ያሉት አራቱ የሕግ ማኅበሮች ከጥንት ጀምሮ ደቀ መዛሙርቱ በማኅበሩ አዳራሽ ከሊቃውንቱ ጋራ እንዲመገቡ ሥርዓት ሠርተዋል። ይህ ለአንዳንዱ ሰው የሚያስቅ ይመስለዋል፤ በጌታ ግብር ላይ ተቀምጦ የነገር ዐዋቂዎችን ጨዋታ እየሰማ ላደገ የአገራችን ሰው ግን ምክንያቱ አይሰወርበትም።

በእኛ አገር በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 199 በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ለመቆም ከሕግ ማዕርግ ጋራ የ2 ዓመት ልምድ፣ በማናቸውም የፌዴራል ፍርድ ቤት ለመቆም የ5 ዓመት ልምድ ይጠይቅ ነበር። በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1249 ተተክቶ፣ የፌዴራል ጠበቆች ማኅበር ተቋቋመ፤ ጠበቆችም በድርጅት ተሰባስበው እንዲሠሩ ተፈቀደ። በ1992ቱ ዘመን የወጣው የጠበቆች ሥነ ምግባር ደንብ እያንዳንዱ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነጻ ወይም በጥቂት ክፍያ እንዲያገለግል አዝዞ ነበር። ብልኅ ተመራቂ ወደ ታወቀ ጠበቃ ሄዶ ደመወዝ ከመጠየቁ በፊት፣ «ለድኆች በሚሰጡት ሰዓት ልርዳዎ» ቢል፣ ባለ ጉዳዩንም መዝገቡንም መምህሩንም በአንድ ጊዜ ያገኛል። የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤትም አለ፤ የባንክና የመሥሪያ ቤት የሕግ ክፍልም አለ። የባንኩ ክፍል ደመወዙ ይሻላል፤ ነገር ግን በዚያ የሚታየው ባለ ጉዳይ አንድ ዓይነት ብቻ ነው።

በሌላ ሙያ ተመርቆ ወደ ሕግ የመጣውን በሚመለከት፣ የፊተኛውን ዕውቀቱን እንደ አሮጌ ልብስ አውልቆ እንዳይጥለው እንመክራለን። የሒሳብ መዝገብ ማንበብ የሚችል ጠበቃ በማኅበርተኞች ጠብ ላይ፣ የግንብ ሥራ የሚያውቅ በኮንትራት ክርክር ላይ ከመቶ ጠበቃ የተለየ ነው። በመጀመሪያው ሁለት ዓመት ከዚያ ወገን የሆኑትን መዝገቦች እየመረጠ ቢሠራ፣ በዕድሜ የቀደሙትን አያጣቸውም። ዕድሜውም ራሱ ሀብት ነው፤ ባለ ጉዳይ ሽበት ላየበት ሰው ምስጢሩን ቶሎ ይገልጣል።

ሴት ልጅ ላላቸው ወላጆች አንድ ቃል እንጨምር። «ችሎትና ፖሊስ ጣቢያ ለሴት አይመችም፤ ቢሮ ትቀመጥ» የሚሉ አሉ። የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ብዙ ዘመን በባሎቻቸው የተበደሉ ሴቶችን በነጻ ሲረዳ ኖሯል፤ ከመሥራቾቹም አንዷ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነው እስከ 2015 ዓ.ም. አገልግለዋል። ልጅቱን ከደጃፉ ልምምድ የሚከለክላት ወላጅ፣ የሚመኝላትን ወንበር አብሮ ይከለክላታል።

በቤት ውስጥ ደግሞ ዘመድ የሚያመጣው ፈተና አለ። ልጁ ከተመረቀበት ቀን ጀምሮ አጎት የድንበር ጠቡን፣ አክስት የውርሱን ነገር፣ ጎረቤት የቤት ኪራዩን ይዘው ይመጣሉ። በለቅሶ ቤት ሳይቀር፣ «አንተ ሕግ ተምረህ የለም እንዴ?» ይሉታል። ልጁም አላውቅም ማለት ስለሚያፍር ወረቀት ሳያይ ይፈርዳል፤ ዘመዱም በዚያ ቃል ተማምኖ ዘመኑን ያሳልፋል። አባት በዚህ ጊዜ ልጁን ሊረዳው ይገባል። «ልጄ ወረቀቱን ሳያይ አይናገርም፤ ሰነዱን ይዛችሁ ኑ፤ ፈቃድ ወዳለው ጠበቃም ያደርሳችኋል» ብሎ ቢመልስ፣ ዘመዱ ለጊዜው ቅር ቢለውም ኋላ ያመሰግናል። እንዲሁም ልጁ ከጠበቃው ዘንድ የሰማውን የሰው ገመና በቡና ላይ እንዲያጫውት እናት አትጠይቀው። የማን ትዳር እንደ ፈረሰ፣ የማን ቤት በሐራጅ እንደ ተሸጠ ከልጁ አፍ የሰማ ጎረቤት፣ የራሱ ጉዳይ ሲመጣ ወደዚያ ልጅ አይሄድም።

ስለ ገንዘቡ ወላጆች ከምረቃው በፊት ቢመካከሩ ይሻላል። ለምረቃው ድግስ ከሚወጣው ከፊሉን ለሁለቱ ዓመት የትራንስፖርትና የምሳ ወጪ ቢያስቀምጡለት፣ ልጁ በጥቂት ደመወዝ ወደ መልካም ጠበቃ መጠጋት ይችላል፤ ባይሆን መጀመሪያ ያገኘውን ሥራ ሊይዝ ይገደዳል። ባለ ትዳር የሆነውም ከባለቤቱ ጋራ ይህንኑ በቍጥር ይነጋገር፤ ስንት ወር፣ በስንት ብር የሚለውን በወረቀት ቢያሰፍሩት በየወሩ መጨቃጨቅ አይኖርም።

ስለ ጥብቅና ውልና ጠበቃ ከባለ ጉዳይ ስለሚቀበለው ክፍያ ከአንዳንድ አንባቢዎች የደረሰን ጥያቄ ስላለ፣ እርሱን በሚመጣው ሳምንት እናቀርባለን።